የእትዬ ቤት

እባብ የሚፈራ ሰው ይህን ታሪክ ከወዲሁ ይተወው። አንብቦ ካበቃ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ቢያማርር የሚሰማው የለም።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ሰዓት ሠሪ የትራስ ልብስ አንጠልጥሎ ወደ መስታወት ሱቅ የገባ ዕለት ነው። የትራስ ልብሱ አፉ በገመድ ታስሯል። ሰውየው ወጣት ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ሲራመድ ወለሉን እንዳያስቀይም የሚጠነቀቅ ዓይነት።

ከጠረጴዛው ኋላ የቆመችው የባለሱቁ ልጅ ናት። የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መስታወቱን የምትቆርጠው እሷ ነች። አንድ ጊዜ ታሰምራለች፣ ቀጭ ታደርጋለች፣ አለቀ። መስመር ላይ መስመር የሚደግም ሰው መስታወት ሰባሪ እንጂ መስታወት ቆራጭ አይባልም። ይህን የነገሯት አባቷ ናቸው፤ ደግሞም ልክ ናቸው።

«የመስታወት ሣጥን ፈልጌ ነበር» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ለምን የሚሆን?»

«ለእትዬ።»

«እትዬ ደግሞ ማን ናቸው?»

የትራስ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። የትራስ ልብሱ ተነፈሰ።

ሌላዋ ብትሆን ጣራው ላይ ትወጣ ነበር። ቆራጯ ግን መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ስብርባሪ መስታወት በብሩሽ ጠርጎ ማንሳት ነው። ሰዓት ሠሪው ይህን አየ። የራሷን እጅ ትታ የትራስ ልብስ ውስጥ ላለ ፍጥረት ቆዳ ቀድማ የምታስብ ሴት ከዚያ በፊት አላጋጠመችውም። ከዚያ በኋላም አላጋጠመችውም፤ መፈለጉን ትቷላ።

ገመዱን ፈታ። አንድ የዘንዶ ጭንቅላት ብቅ አለ፤ ትንሽ፣ እንደ ወንዝ ጠጠር የለሰለሰ፣ ቡናማና ወርቅማ። ምላሷን አውጥታ አየሩን ቀመሰችው፣ ሱቁን ቀመሰችው፣ ልጅቷን ቀመሰቻት። ልጅቷ ትንፋሿን ይዛ ቆመች። ቤተ መቅደስ የገባች ያህል ድምፅ ማሰማት አፈረች።

«እትዬ ብለህ አንቱ ነው እንዴ የምትላት?»

«አጎቴ እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። እኔ ፊደል ሳልለይ እሳቸው ቤታችን ነበሩ። አሁን ተነስቼ አንቺ ልበላቸው?»

ያሳደገው አጎቱ ናቸው፤ የጭነት መኪና ነጂ ነበሩ፣ ከአራት ወር በፊት አርፈዋል። ከእሳቸው የቀረው ዘንዶዋና ዘንዶዋ የምትኖርበት አሮጌ የእንጨት ሣጥን ነው። ሣጥኑ ጨለማ፣ ጠባብ፣ ጎኑ በመሰርሰሪያ የተበሳሳ።

«እስር ቤት ነው» አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እስር ቤት። አሁን ሰፊ ቤት ይኑራቸው። ከአራቱም ጎን ብርሃን የሚገባበት።»

«እሠራልሃለሁ» አለች። ሙያዋን የነኩባት መስሏት ደረቷን ነፋ አደረገች።

ልኬት ለማስተካከል አንድ ቀን ይበቃ ነበር፤ ሰዓት ሠሪው አምስት ቀን ተመላለሰ። እሷም አልከፋትም። በሩ ከፊት ይሁን ወይስ ከላይ ተባባሉ። «ከላይ አይሁን» አለ፤ «ከላይ የሚመጣ እጅ ለእሳቸው የጭልፊት እግር ነው።» በአንድ ጫፍ የሚያሞቅ አምፖል፣ በሌላው ጫፍ ቀዝቃዛ ጥላ እንዲኖር ተስማሙ፤ ዘንዶ የራሷ ሙቀት ስለሌላት ሲበርዳት ወዲህ፣ ሲሞቃት ወዲያ ትላለች። የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ከጣት እንዲቀጥን፣ በሩም ቁልፍ እንዲኖረው አደረጉ። «ጭንቅላታቸው ካለፈ ሌላው ይከተላል» አለ። «አንዴ ወጥተው ሦስት ቀን ከልብስ ማጠቢያው ኋላ ከርመዋል። እናንተ ዝም በሉ፣ ቤቱ የሁላችንም ነው ያሉን ነው የመሰለን።»

ሳቀች። ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች።

ከአምስቱ ቀን በአንዱ በምሳ ሰዓት ደረሰ። ከጠረጴዛው ኋላ ማንም የለም። አንገቱን ቢያሰግግ መስታወት ታሽጎ ከሚመጣባቸው የእንጨት ሣጥኖች ኋላ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ፣ የምሳ ዕቃዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አገኛት።

«ምነው እዚህ ተወሸቅሽ?»

«መንገደኛው ሁሉ በመስታወቱ ያየኛል። ሰው እያየኝ እህል አይወርድልኝም።»

ይህን ነገር ያዙልኝ። እነሱ ራሳቸው አልያዙትም።

ሣጥኑ ሲያልቅ ሁለት ሜትር ሙሉ ሆነ። ጠርዙን ሁሉ በእጇ አለስልሳዋለች፣ የማጣበቂያው መስመር እንኳ አይታይም። አራት ሰው ተሸከመው። አባቷ ዙሪያውን ዞረው አይተው «እኔስ ብኖርበት» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ምርቃት ነው። ዘንዶዋ ስትገባበት የሰዓት ሠሪው ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ። ሁሉም አደነቀ። ዘንዶዋን ማንም አልጠየቃትም።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ በየእሁዱ ሣጥኑን ለማየት እየሄደች ሣጥኑን ሳታይ ትመለስ ጀመር። ሰዓት ሠሪው ሁለት ክንድ ርቆ ይቀመጣል። ሻይ ሲሰጣት ጣቷን እንዳይነካ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥላታል። ቀና ብላ ስታየው ዓይኑን ይሰብራል፤ ዓይኗን ስትመልስ ያያታል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች ሁሉ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ከሁለቱ ይልቅ ሰዓቶቹ ብዙ ተናገሩ።

በመካከሉ የአንድ አልሙኒየም አስመጪ ልጅ ሽማግሌ ላከ። አባቷ እስከ መጪው ወር መጨረሻ መልስ አምጪ አሏት። አላስገደዷትም፤ ግን እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ አስመጪው ቤት ምን ያህል ሥራ እንዳለ ነገሯት።

በእሁዱ ለሰዓት ሠሪው ነገረችው። ነግራው ዝም አለች። ያ ዝምታ በር ነበር፤ ወለል አድርጋ ከፍታለት ጠበቀችው።

እሱ አንዲት የሰዓት ብሎን ደጋግሞ አገላበጠ። በመጨረሻ፣ «አንቺ እንዳሻሽ» አለ። «እኔ ላስጨንቅሽ አልፈልግም።»

ወንድ ልጅ ጨዋነትና ፍርሃት አንድ ሸሚዝ ለብሰው ሲመጡበት መለየት ይሳነዋል። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነስታ ሄደች። ሦስት እሁድም ቀረች።

የቀጠሮው ወር ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰዓት ሠሪው ሱቁ በር ላይ ቆመ። የሸሚዙ ቁልፍ ተዛንፏል።

«እትዬ አይበሉም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቤቱ ከገቡ ጀምሮ። ዘጠኝ ሳምንታቸው ነው። አይጡን አሙቄ አቀርባለሁ፣ ፊታቸውን ያዞራሉ። አጎቴ አደራ ብሎኝ ነበር። ገደልኳቸው መሰለኝ።»

መጥረጊያውን አስቀመጠች። «የምመጣው ሥራዬ ስለሆነ ነው» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ይህንንም አታውቅም» አለችና ቀድማው ወጣች።

ሣጥኑ መስኮቱ ሥር እንደ ኩሬ ያበራል። ሁለት ሜትር ሙሉ ብርሃን። ዘንዶዋ ግን ከውሃ ማስቀመጫው ኋላ ጥግ ውስጥ ተወሽቃ፣ ጭንቅላቷን ከራሷ ገላ ሥር ቀብራለች። ያ ሁሉ ስፋት ባዶውን ነው።

ልጅቷ ተንበረከከች። ከመስታወቱ ማዶ አንድ ዓይን ያያታል። አይርገበገብም። እሷም ብዙ አየችው።

«መቼ ነው የሚተኙት?»

«ለማወቅ ይቸግራል። የዓይን ቆብ የላቸውም። ዓይናቸውን መክደን አይችሉም።»

በምሳ ሰዓት የምትወሸቅበት ጥግ፣ ጉልበቷ ላይ ያለው የምሳ ዕቃ፣ ጀርባዋን የሚነካት ግድግዳ ትዝ አላት።

«እኔ ሰው እያየኝ አንድ ጉርሻ አይወርድልኝም» አለች ቀስ ብላ። «ፊቴን ማዞር እችላለሁ፣ ዓይኔን መጨፈን እችላለሁ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን እንኳ መጨፈን አይችሉም፤ እኔ ደግሞ በአራቱም ጎን መስታወት ገጠምኩባቸው።»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩሽ።»

«ያዘዘም የሠራም እኩል ነው። አጎትህ እስረኛ አልያዙም፤ ያውቁ ነበር። ተነስ፣ ጥቁር ቀለም አምጣ። ሁለት የሸክላ ድስትም፤ ትንንሽ።»

በዚያው ከሰዓት ሦስቱን ጎን ከውጭ በጥቁር ቀለም ቀባች። እጇ ያለሰለሰውን መስታወት በእጇ ስትሸፍን አንድ ጊዜ እንኳ አላቅማማችም። ድስቶቹን መግቢያ እንዲሆን አፋቸውን ሸርፋ ደፋቻቸው፤ አንዱን በሞቃቱ ጫፍ፣ አንዱን በቀዝቃዛው።

«ይሄማ ይጠባቸዋል» አለ።

«ይጥበባቸው። ጀርባቸውን የሆነ ነገር ይንካቸው።»

ዘንዶዋ ከጥጉ ወጣች። ምላሷ የድስቱን አፍ ዳሰሰ። ከዚያ ገባች፣ ገባች፣ ገባች፤ ያን ሁሉ ርዝመት ያ ትንሽ ድስት ዋጠው። ከውስጥ አንዴ ተገላበጠችና ጸጥ አለች። ሁለቱም ሳያውቁት አብረው ተነፈሱ።

ልጅቷ ከዚያ በኋላ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ መጣች። በሰባተኛው ቀን የዘንዶዋ ዓይን ወተት መሰለ። «ቆዳዋን ልትለውጥ ነው» አለ ሰዓት ሠሪው፤ ደንግጦ አንቱታውን ረሳው። በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ አፍንጫዋን ከድስቱ ሻካራ ጠርዝ ጋር ማሸት ጀመረች።

መጀመሪያ ከንፈሯ ላይ ቀጭን ነገር ተላጠ። ከዚያ ጭንቅላቷ ከራሷ ጭንቅላት ውስጥ ወጣ። ሌላ ቃል የለውም፤ ከራሷ ወጣች። አሮጌው ቆዳ ወደ ኋላ እየተገለበጠ ቀረ፣ እሷ ወደ ፊት እየፈሰሰች መጣች፤ ወርቁ ወርቅ ሆነ፣ ቡናማው ዛሬ የተቀባ መሰለ። አልቸኮለችም። የሃያ ሁለት ዓመት አሮጊት በዓይናቸው ፊት አዲስ ተወለደች። ሰዓት ሠሪው ግድግዳው ላይ ስንት ሰዓት እንዳለው ረሳ። ልጅቷ ጉንጯ ለምን እንደረጠበ አላወቀችም።

ዘንዶዋ ውሃ ጠጥታ ድስቷ ውስጥ ስትገባ ሰዓት ሠሪው ወልቆ የቀረውን ቆዳ፣ ገለፈቱን፣ አነሳ። አንድም ቦታ አልተቀደደም። በሥራ መቆንጠጫው የገለፈቱን ጭንቅላት ዘረጋና ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ሰጣት።

«እይው። የዓይናቸው ቆዳ ነው።»

አየች። ገለፈቱ ላይ ሁለት ክብ ጠብታዎች አሉ፤ ጎበጥ ያሉ፣ ጥርት ያሉ፣ ጭረት የሌለባቸው።

«የሰዓት መስታወት ነው» አለ በሹክሹክታ። «ልክ እንደ ሰዓት መስታወት የተገጠመ።»

ልጅነቷን ሙሉ መስታወት ቆርጣለች፤ እንዲህ ያለ አይታ አታውቅም። ማን ቆረጠው? በየትኛው መቁረጫ? የሁለቱ ጭንቅላት ተነካካ። ማንም አልራቀም።

«አንተም እኔን እንደ እትዬ ነው ያደረግከኝ» አለች ዓይኗን ከመነጽሩ ሳታነሳ።

«ምን አደረግኩ?»

«‹እንዳሻሽ› አልከኝ። በአራቱም ጎን ክፍት አድርገህ መሃል አቆምከኝ። ስፋቱን ምን ላድርገው? ጀርባዬ ምን ይንካ?»

ሰዓት ሠሪው የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታ። በዚያ ዓመት ሙሉ የፈታው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ለአልሙኒየሙ ልጅ እሺ እንዳትዪ» አለ። «እኔን አግቢኝ። ‹ላስጨንቅሽ አልፈልግም› ብዬ ዋሸሁ፤ መልስሽን እየጠበቅኩ እንቅልፍ የለኝም። ይኸው፣ አጠበብኩብሽ።»

«ትንሽ ጨምርበት» አለች።

እጇን ያዘ። ሻካራ እጅ ነበረች፣ በትንንሽ የመስታወት ጠባሳ የተሞላች። እያንዳንዱን ጠባሳ እንደሚቆጥር ሰው በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

በማግሥቱ እትዬ በሉ። ከድስቱ ጨለማ ውስጥ ጭንቅላቷን ወርውራ፣ አይጡን ይዛ፣ ተመልሳ ገባች፤ ማንም ሳያያት ዋጠች።

ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ሰዓት ሠሪው አባቷ ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ ልጅዎን ልጠይቅ መጥቼ ነው።»

«እባቧም አብራ ትመጣለች?»

«እትዬ የትም አይሄዱም። ልጅዎ ናት ወደ እኛ የምትመጣው።»

አባትየው ልጃቸውን አዩ። እሷ ሰዓት ሠሪውን እንዴት እንደምታየው አዩ። አስመጪውን፣ ሥራውን፣ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን አሰቡ፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፣ ማንም አላቻኮላቸውም። ከዚያ ባርኔጣቸውን አንስተው «አሳዩኝ እስቲ» አሉ። ሣጥኑ ፊት ሲደርሱ ድስቱ ውስጥ ያ የማይርገበገብ ዓይን አገኛቸው። አባትየው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እንደምን ዋሉ እትዬ» አሉ። «ልጄን አደራ።»

ገለፈቱን ቆራጯ በሁለት መስታወት መካከል ዘርግታ ከሰዓት ሠሪው መሥሪያ ጠረጴዛ በላይ ሰቀለችው። መስታወቱን ስትቆርጥ አንዴ ብቻ አሰመረች።

እሱ ደግሞ አንድ ቀን ሳንቃና መዶሻ ይዞ ወደ ሱቁ መጣ። ከሣጥኖቹ ኋላ ባለው ጥግ ከመንገዱ የሚጋርድ ግድግዳ መታላት፤ ሁለት ዱካ ብቻ የሚያስገባ። በምሳ ሰዓት ሁለቱ ሲቀመጡበት ጉልበታቸው ይጋጫል፣ ትከሻቸው ይጋጫል፣ ማንኪያ ለማንሳት አንዱ ሌላውን ማስፈቀድ አለበት።

«ይህማ ጠበበ» አሉ አባቷ አጮልቀው።

ከሳንቃው ኋላ መልስ አልመጣም። እየበሉ ነበር።