በጓሮ በኩል የነበረችው መስኮት

እኔ ግንበኛ ነኝ፣ የማምነው ውሃ ልክና ቱንቢ ብቻ ነው፣ የመንፈስ ወሬ ሲያወሩ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ግን ቦንጋ ላይ ያየሁትን ልንገርህ፣ ዛሬም ሳስበው ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከሚሌኒየሙ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፣ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ነጋዴ የሟች አባታቸውን የድሮ ሱቅ አድሼ፣ ከጎኑ ጂ ፕላስ ቱ ሆቴል እንድቀጥልበት ቀጠሩኝ። በጓሮ በኩል ከአንድ ክንድ የማትሰፋ መስኮት ነበረች። ድሮ ማንጆ የሚባሉት፣ እንደ ርኩስ ይታዩ የነበሩት ወገኖቻችን ሱቅ መግባት ስለማይፈቀድላቸው የሚገዙት በእሷ በኩል ነበር፣ ዕቃው እንኳ በእጃቸው አይሰጥም፣ ይወረወርላቸው ነበር፣ አስበው እንግዲህ!

«ድፈናት፣ እንግዳ ባያያት ይሻላል» አሉኝ። ደፈንኳት። በማግስቱ ብሎኬቱ ወልቆ ውጭ ተደርድሮ አገኘሁት። እንደገና ደፈንኩ፣ እንደገና ወለቀ።

ጋሽ ታደሰ ማንንም ሳይጠይቁ ወዳጆን አስጠሩት። ወዳጆ ሲሚንቶ የሚያቦካልን የአራት ልጆች አባት ነው፣ ማንጆ ነው።

«ቂም ይዘህ ነው አይደል የምታፈርሰው?»

«ጋሼ፣ ልጆቼን ይንሳኝ፣ እኔ አልነካሁም።»

«አንድ ጊዜ ደግሞ ይፍረስና ሌላ ሥራ ትፈልጋለህ!»

ለሦስተኛ ጊዜ ደፈንኩ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ወዳጆ ፊት ለፊቴ በዋናው በር ላይ ብቻውን ይበላል፣ ሌሎቹ አብረውት አይበሉም፣ እኔም አንድ ቀን «ለምን?» ብዬ አላውቅም። ከጓሮ ግድግዳው ቀስ ብሎ ተንኳኳ። አሸዋ ረገፈ፣ ከዚያ ብሎኬቱ፣ እመነኝ፣ እያየሁት ወደ ውጭ ተንሸራተተ።

ሮጬ በጓሮ በር ወጣሁ። ጭቃው ላይ የሰው ዱካ የለም። ቀዳዳዋ ፊት ስቆም ከሱቁ ውስጥ የሽማግሌ ድምፅ «እዚያው ሁን፣ እንዳትጠጋ!» አለኝ፣ የአሞሌ ጨው ጉማጅም ተወርውሮ እግሬ ሥር ወደቀ። አጎንብሼ ወደ ውስጥ ባይ ከወዳጆ በቀር ማንም የለም፣ እሱም በሩ ላይ ደርቆ ቀርቷል።

«ሰማህ?» አልኩት።

«ሰማሁ።»

ጋሽ ታደሰ መጥተው ቀዳዳውን ሲያዩ ወዳጆን እዚያው አባረሩት። ወዳጆ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠበቀኝ። እብድ ይሉኛል፣ ሥራውም ይቀርብኛል ብዬ ዝም አልኩ፣ እኔ ፈሪው! አካፋውን አስቀምጦ ሄደ።

ለአራተኛ ጊዜ ደፈንኩ። ወዳጆ ከዋናው በር ላይ ከተነሳ ወዲህ ያ ግድግዳ ፍንክች አላለም፣ ጋሽ ታደሰም ባገኙኝ ቁጥር «እሱ ነው አላልኩህም?» ይሉኛል።