አባባ አርፈዋል

የጋሽ ረጋሳ አስከሬን የተገኘው ጀምበር ልትጠልቅ ስትል፣ ከገዛ ቤታቸው ጓሮ፣ ከጠጠር ክምሩ ጀርባ ነው። ከበላያቸው ግድግዳም መከለያም ያልወጣለት ፎቅ አፉን ከፍቶ ቆሟል። የባቡሩ ሐዲድ ወደ አያት በሚዘረጋበት በዚያን ጊዜ፣ ጎሮ ውስጥ ያለቀለት ቤት ማግኘት ያስቸግር ነበር፤ ሁሉም ይቆፍራል፣ ሁሉም ይገነባል።

ጎረቤቱ ሁሉ «ወድቀው ነው» አለ። ምራታቸው ፌናንም ይህንኑ አምና ማልቀስ ጀምራ ነበር። ባሏ ፊራኦል ግን አምሽተው በመጡት ፖሊሶች ፊት ጣቱን ቀሰረባት።

«ገና በቀን፣ ማንም ምንም ሳያውቅ ‹አባባ አርፈዋል› ብላ ጻፈችልን። እንዴት አወቀች?»

እውነቱን ነው፤ ጽፋለች። ፖሊሶቹ ሞባይሏን ወሰዱባት።

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተር ዘርፌ ስትመጣ ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቷል። አራቱን ቤተኞች ሳሎን አስገብታ በሩ ላይ ፖሊስ አቆመች። ፌናን ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ከብረት ፍርግርጉ ማዶ ሴቶች እየተጠቋቆሙ ያዩዋታል፤ ከፊት ለፊቷ ደግሞ ባሏ፣ የባሏ እህት ኦብሴና ጎረቤታቸው አቶ ማሞ አሉ። ወደየትም ብትዞር ዓይን ነው።

ዘርፌ አጠር ያለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ሰው ሲናገር ፊቱን ሳይሆን እጁን ታያለች።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለቻት።

«ምሳቸውን አበላኋቸውና መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ከምሳ በኋላ ሁሌም ጋደም ይላሉ። እኔ ከፊት ለፊት ልብስ ማጠብ ያዝኩ።»

«ከጓሮ ድምፅ አልሰማሽም?»

«ከአጥሩ ማዶ የሲሚንቶ ማደባለቂያው ሚክሰር እየጮኸ ምን ይሰማል?»

«ሜሴጁስ?»

«ሦስቱም ተከታትለው ጻፉልኝ። አባባ የት ናቸው፣ እንምጣ ወይ ይላሉ። እጄ ሳሙና ነበር። ‹አረፍ ብለዋል› ልል ፈልጌ፣ ስቸኩል ‹አባባ አርፈዋል፣ ማታ ኑ› ብዬ ለሦስቱም ላክሁት። መልሼ እንኳን አላነበብኩትም።»

«አረፍ ብለዋል» አለች ዘርፌ ቃሉን እየመዘነች። «አርፈዋል።»

«ወዲያው አስተካክያለሁ! ‹ተኝተዋል ማለቴ ነው፣ ደህና ናቸው› ብያለሁ።»

«ደህና አልነበሩማ!» ኦብሴ ከተቀመጠችበት ጮኸች። «አያት ሱቁን ክፍት ጥዬ፣ መንገድ ላይ እያለቀስኩ ነበር እኮ! ከዚያ ደህና ናቸው አልሽኝ። አመሻሽ ላይ መጥቼ በሩን ስከፍት አልጋው ባዶ!»

ፌናን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። የምትናገረው ሁሉ የበለጠ ሊያስጠረጥራት ነው።

ዘርፌ ወደ አቶ ማሞ ዞረች። «ሦስታችሁም በአንድ ጊዜ የፈለጋችኋቸው ለምንድን ነው?»

አቶ ማሞ መሐረባቸውን አወጡ። ከጓሮው አጥር ማዶ የሚሠራው ሕንፃ የሳቸው ነው፤ ፎርማኑ ደግሞ ፊራኦል። ከጥቂት ቀናት በፊት የእንጨት መወጣጫው ተሰብሮ አንድ የቀን ሠራተኛ ወድቆ ሞቷል። «ሰክሮ ነው» ተብሎ ለፖሊስ ቃል ተሰጠ። ጋሽ ረጋሳ ግን ጓሯቸው ፀሐይ ሲሞቁ፣ ሟቹ ሠራተኛ «እንጨቱ በስብሷል፣ አልወጣም» ሲል፣ ልጃቸው ፊራኦል ደግሞ «ካልወጣህ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ሲለው ሰምተው ነበር።

«ዛሬ ጣቢያ ሄደው ቃላቸውን ሊሰጡ ነበር» አሉ አቶ ማሞ። «ትናንት ማታ ተሰብስበን ልንለምናቸው ነበር ያሰብነው። እኔ በቀን ቦሌ አራብሳ ብረት ሳስጭን ነው የዋልኩት።»

«በጓሮው አጥር በር ማን ይመላለሳል?»

«እኔም ፊራኦልም።»

ዘርፌ ፌናንን አስከትላ ወደ መኝታ ቤቱ ገባች። አልጋው የሰው ቅርጽ አልያዘም፤ ብርድ ልብሱ እንደተዘረጋ ነው። ከራስጌው የሽማግሌው ከዘራ ተንጠልጥሏል።

«ያለዚህ ይራመዳሉ?»

«ሰው ካልደገፋቸው የበሩን ደፍ አይሻገሩም። ጉልበታቸው…»

በመኝታ ቤቱ የጓሮ በር ወጥተው፣ ወደ ፎቁ የሚያወጣውን ደረጃ አብረው ወጡ። ሲሚንቶው ሸካራ ነው፤ የሚይዙት መደገፊያ የለውም። ከላይ ሲያዩት የአቶ ማሞ ሕንፃ የተሰበረው መወጣጫ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፌናን ጫፉን ስታየው ዞረባት።

«አንቺ ደግፈሻቸው ልትወጪ ትችያለሽ» አለች ዘርፌ፣ ዓይኗን ከታች ካለው ጠጠር ሳትነቅል።

ፌናን ግድግዳ ፈልጋ ልትደገፍ ሞከረች፤ ግድግዳ የለም። «አባቴ ነበሩ እኮ» ብቻ አለች።

ዘርፌ ወርዳ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። የፌናንን ሞባይል ከኪሷ አወጣች።

«ጋሽ ረጋሳ ብቻቸውን አልወደቁም» ብላ ጀመረች። «ከዘራቸው ራስጌያቸው ተሰቅሏል፤ ስለዚህ እዚያ ደረጃ ላይ ያወጣቸው ክንድ አለ። የማን ክንድ? ፌናን ብትሆን ኖሮ ሞታቸውን ለሦስት ሰው አውጃ፣ ወዲያው ‹ደህና ናቸው› ብላ ራሷን አታስጠረጥርም ነበር። ሳት ብሏት የጻፈችው ነው። እኔን የጠቀመኝ ግን የሷ ስሕተት ሳይሆን የእናንተ መልስ ነው። ሦስታችሁም ሞቱ ብላችሁ ነው ያነበባችሁት፤ ሦስታችሁም ሳታስቡ መለሳችሁ።»

ሞባይሉን ወደ ዓይኗ አቀረበች።

«ኦብሴ፦ ‹ወይኔ አባቴ! መቼ? ለምን አልደወልሽም?› አቶ ማሞ፦ ‹ነፍስ ይማር። ድንኳኑን እኔ አቀርባለሁ።›»

አቶ ማሞ አንገታቸውን ደፉ።

«አያፍሩ፤ እርግጥ ድንኳኑ ትንሽ ፈጠነ» አለች። «መጀመሪያ የጠረጠርኩት እርስዎን ነበር። ግን ሰው እንዲህ ዓይነት መርዶ ሲደርሰው የሚለውን ነው ያሉት። ሦስተኛው ደግሞ የፊራኦል ነው፦ ‹እኔ ሳልደርስ ከዚያ ማንም እንዳያነሳቸው።›»

ፌናን ቀና አለች። ያን ጊዜ በኀፍረት እየተቻኮለች ስታስተካክል፣ ይህን መልእክት በወጉ አላየችውም ነበር።

«አባትህ ከምሳ በኋላ የት ነው የሚሆኑት?»

«መኝታ ቤት» አለ ፊራኦል።

«ኦብሴም አቶ ማሞም ያሰቡት አልጋቸውን ነው። አልጋው ላይ ያረፈን ሰው ‹አታንሱት› የሚል የለም። የሚነሣው የወደቀ ነው። ‹ከዚያ› ያልከው ከየት ነው?»

«ደንግጬ ነው የጻፍኩት! ሰው ሲደነግጥ ያገኘውን ይጽፋል።»

«አዎ፤ ለዚህ ነው እውነቱ ያመለጠህ። ከጠጠሩ ጀርባ አግኝታቸዋለች ብለህ ደነገጥክ። አስበህ የጻፍከው ሁለተኛውን ነው። ፌናን ደህና ናቸው ስትል ኦብሴ ‹ሲነቁ አገናኚኝ፣ ድምፃቸውን ልስማ› አለች። አንተ ምን አልክ? ‹እሺ። በሩን እንዳትከፍቺ፣ ይተኙ።› ያሳሰበህ በሩ ነው፤ አልጋው ባዶ እንደሆነ የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክና።»

የኦብሴ እጅ አፏ ላይ ቀረ። ፊራኦል በሩን አየ፤ ፖሊሱ ቆሟል። መስኮቱን አየ፤ ፍርግርጉ ላይ የለቀስተኞቹ ፊት ተለጥፏል። ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«ላሳያቸው ነበር» አለ በደከመ ድምፅ። «ከታች ሆነው መወጣጫውን ሊያዩ እንደማይችሉ ከላይ ላሳያቸው ነበር የደገፍኳቸው። ‹ሠራተኛውን ልጅ አስገድደህ አውጥተኸዋል፣ የሰማሁትን አልሰማሁም አልልም› አሉኝ። ልቀቀኝ ብለው ክንዳቸውን ሲነጥቁኝ ገፋኋቸው… ልገላቸው አልነበረም። ሳላስብ ነው።»

ፌናን ተነሥታ ፊቱ ቆመች።

«እሳቸውን ሳታስብ ነው» አለች። «እኔንስ? ምሽቱን ሁሉ አጠገቤ ቁጭ ብለህ፣ ውሃ አቀብለኸኝ፣ ከዚያ ነው ለፖሊስ የጠቆምከኝ። እኔን አስበህ ነው።»

ፖሊሶቹ ፊራኦልን መሐል አድርገው ሲያወጡት የለቀስተኛው ጩኸት ድንገት ቀጥ አለ፤ መኪናው ከግቢው ሲወጣ ግን እንደገና፣ በሌላ ዜማ ተነሣ።

ኦብሴ ከሶፋው ጥግ አልተንቀሳቀሰችም። አባቷንም ወንድሟንም በሁለት ቀን አጥታለች። ፌናንን ሳታያት፣ «የጮህኩብሽን…» ብላ ጀመረች።

«ተይው» አለች ፌናን።

«እዚህ ቤት ታድሪያለሽ?»

ፌናን ክፍሎቹን አንድ በአንድ በዓይኗ ዞረቻቸው። «አልችልም።»

«እኔም ቤቴ ብቻዬን መግባት አልችልም። ነይ፣ እኔ ጋ።»

ነጠላቸውን ደርበው ወጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ የደፈረ ጠያቂም አልነበረም። በተቆፈረው መንገድ ዳር፣ አፈሩ ሲያንሸራትታቸው አንዷ ሌላዋን ያዘች፤ ከያዘች በኋላ አልለቀቀቻትም። ዋናው መንገድ ላይ ረዳቱ ከሚኒባሱ በር ተንጠልጥሎ «አያት! አያት! ሁለት ሰው!» እያለ ይጣራል።

«እኛ ነን» አለችው ኦብሴ።