የእመት ጉማሪት ፈገግታ

«ውስጧን ቦርቡረሻታል?» አሉ የሸክላ ሥራ መምህርቷ።

«አዎ ቲቸር!» አለች ቁንጫ ጥያቄው ሳያልቅ። ቁንጫ ያሏት አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ ስለማይሆንላት ነው፤ አሁን ግን ድርቅ ብላ ቆማለች።

መምህርቷ ቁንጫ ከጭቃ የሠራቻትን እመት ጉማሪትን ገልብጠው ከሥሯ ያለውን የአየር መውጫ ቀዳዳ አዩና ወደ መደርደሪያው ጠቆሟት። ቀዳዳውን ቁንጫ ጠዋት በእርሳስ ወግታ ያበጀችው ነው። ከቀዳዳው በላይ እመት ጉማሪት ድፍን ጭቃ ናት።

እመት ጉማሪት የጉማሬ ሆድ፣ የጥንቸል ጆሮና የዶሮ እግር አላት። ከሁሉም በላይ ግን ፈገግታ አላት፤ የተደበቀ ከረሜላ አግኝቶ የበላ ልጅ ዓይነት። ፈገግታው የመጣው የቁንጫ አውራ ጣት አዳልጦት ነው። ከዚያ በፊት የሠራቻቸው ፍጥረቶች ሁሉ የጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ የሚጠብቁ ነበር የሚመስሉት። ታዲያ ይህቺን አንገቷን በሽቦ ቁረጪ፣ ውስጧን በማንኪያ ጠርገሽ መልሰሽ አጣብቂ ስትባል አንጀቷ እንዴት ይቻለው? ፈገግታው ቢጠፋስ?

ፕሮፌሰሩ የሚሉት የክፍል ጓደኛዋ መጣ። መነጽሩ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። የራስ ቁር የደፋ ቀንድ አውጣውን እንደ ሕፃን ታቅፎ መደርደሪያው ላይ ከእመት ጉማሪት ጎን አስቀመጠው።

«ጎረቤት ይሁኑ። ብቻውን ምድጃ መግባት ይፈራል» አላት።

«ልጆች!» አሉ መምህርቷ። «አንዴ ከደረቀ በኋላ መቁረጥ የለም። ድፍን የሆነ ካለ እሳት ውስጥ ይፈነዳል፤ አጠገቡ ያለውንም ይዞ ነው የሚሄደው።»

ቁንጫ ቀንድ አውጣውን አየችው። ፕሮፌሰሩ ያንን ጥምዝምዝ ቀፎ ለመጠቅለል ስንቴ እንዳፈረሰው ታውቃለች።

«ስማ» አለች በሹክሹክታ። «ድፍን ናት።»

«ማ?»

«እመት ጉማሪት። ዋሽቼ ነው።»

«እና ልጄን ቦምብ ሥር ነው ያስተኛሁት?» ብሎ ፕሮፌሰሩ ቀንድ አውጣውን ላፍ አደረገው። ቁንጫ ሳቋ አመለጣት፤ እሱም ሳቀ። ከሳቁ በኋላ መናገሩ ቀለላት። እመት ጉማሪትን አንሥታ ወደ መምህርቷ ሄደችና እርሳሱን ሳይቀር ተናዘዘች።

መምህርቷ የእርሳሱን ነገር ሲሰሙ ሊቆጡ የከፈቱት አፍ ሳቅ ሆነባቸው። «እኔንም አታለልሽኝ በይ! ሽቦው መሳቢያ ውስጥ ነው። ሳይደርቅብሽ ፍጠኚ።»

ፕሮፌሰሩ የእመት ጉማሪትን ጆሮዎች ያዘላት። ቁንጫ ዓይኗን ጨፍና ሽቦውን ሳበች። ሆዷንም ጭንቅላቷንም በማንኪያ ጠረገች፤ ጠርዞቹን በሹካ ጫር ጫር አድርጋ ቀጠን ያለ ጭቃ ቀባችና ጭንቅላቱን መልሳ ገጠመችው። እንዲይዝ ጫን ስትለው ጉንጩ ተንሸራተተ።

«ውይ!»

የአፏ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ ተሰቅሏል። አሁን የምትመስለው ከረሜላውን ከነሳጥኑ የበላች ነው።

«በቀላሉ ይስተካከላል እኮ» አለ ፕሮፌሰሩ።

ቁንጫ አውራ ጣቷን ወደ እመት ጉማሪት አፍ ዘረጋች። ትንሽ አየቻት። ከዚያ ጣቷን መለሰች፣ በሽርጧ ጠረገችውና እመት ጉማሪትን እንዳለች መደርደሪያው ላይ አኖረቻት።

«በል» አለችው፣ «ቀንድ አውጣህን አምጣው።»