የተሸነፈው ፖስተኛ

የመኪናው የኋላ በር ሲከፈት ከውስጥ የወጣው ቅዝቃዜ ብቻ ነበር።

የሕፃናት ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር አንገቷን አስግጋ አየች። ባዶ። ኢንሱሊን የያዙት ካርቶኖች የሉም። ፎቅ ላይ የስኳር ሕመም ያለባቸው ልጆች ተኝተዋል፤ በእጅ ያለው መድኃኒት ደግሞ ከነገ ጠዋት አያልፍም።

"የት አደረግኸው?" አለችው ሹፌሩን።

"ሌላ ቦታ አውርድ ተባልኩ፣ አወረድኩ።"

"ማን አለህ?"

ሹፌሩ የጉዞ ትእዛዝ የሚደርስበትን ታብሌት ዘረጋላት። ታብሌቱ ላይ ያለው የሆስፒታሉ አድራሻ ብቻ ነው።

"ጠዋት እንዲህ አይልም ነበር! ልጆቼን ይንሳኝ!" አለ። ላብ አጠመቀው።

ጉዳዩ የደረሰው ለአንዲት ጡረታዋ ለተቃረበ መርማሪ ነው። ሰው ሁሉ "እትዬ" ይላታል። ዝናብ ከጣለ የማን ልጅ ጃንጥላ ረሳ ብላ የምትጨነቅ ሴት ናት። ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ስልክ አለ። አዲሱን የገዛችላት ልጇ ናት። አሮጌው ፊቱ ተሰነጣጥቋል፤ ግን ይሠራል።

"እትዬ፣ ይቺን አሮጌ በክብር ይቅበሯት እንጂ" አላት ባለ ሪዙ ሳጅን መኪናውን እያስነሳ።

"አዲሱ እስኪታመን አሮጌው አይጣልም። ይልቅ ቀበቶህን እሰር።"

ሹፌሩ እየመራ ወሰዳቸው። ሲነዳ ስለማይቸኩል ጓደኞቹ "ረጋ በል" ይሉታል። ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ግራጫ በር አሳያቸው። ውስጡ ኦና ነው። ወለሉ ላይ ከበረዶ ከረጢት የፈሰሰ ውሃ ገና አልደረቀም።

"ይሄ ሰውዬ ራሱ ነው" አለ ሳጅኑ በጆሮዋ።

"ሌባ ቢሆን ባዶ መኪና ይዞ ሆስፒታል በር ላይ ይቆማል? ደግሞ ዕቃውን የተቀበሉት ሰዎች ሳይነኩት መልቀቃቸው ተመስገን ነው። ውሃ ግዛለት፣ ከንፈሩ ደርቋል።"

ከዚያ ወደ መድኃኒት አከፋፋዩ ድርጅት ሄዱ። የስርጭት ኃላፊው ሽቶው ቀድሞት መጣ። ወንበር ሳበላቸው።

"ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው" አለ። "ካልሆነም የዚያች ልጅ። የፕሮግራሙ ቁልፍ ያለው በእሷ እጅ ብቻ ነው። እኔ ልጅቷን እወዳታለሁ፣ ግን እውነት እውነት ነው።"

ልጅቷ የሲስተም ኢንጂነር ናት። ጥግ ላይ እጆቿን ጭኗ መሃል ቀብራ ተቀምጣለች።

"ልጄ፣ ምሳ በልተሻል?" አለቻት መርማሪዋ።

"አልበላሁም።"

"እንግዲያው ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ኮምፒውተር እንደማላውቅ አድርጊኝ፤ አላውቅምም።"

ልጅቷ ትንሽ ፈገግ አለች። "ድርጅቱ ሦስት ሲስተም አለው። የሽያጩ፣ የመጋዘኑና የመኪናዎቹ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። መሃል ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርስ አገናኝ ሶፍትዌር ያስፈልገን ነበር። ሁለት አወዳደርን።"

"ስማቸው?"

"የፋብሪካ ስማቸው ረጅም ነው። እኛ አንዱን ድልድይ እንለዋለን። መልእክት በዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል። ፈጣን ነው። ማስታወሻ እንዲይዝ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ፍጥነቱን ይቀንሳል ተብሎ ቀረ። ስለዚህ ማን እንዳለፈበት አያውቅም።"

"ሌላውስ?"

"ፖስተኛው። እያንዳንዱን መልእክት ሳጥን ውስጥ ይይዛል። ተቀባዩ ደርሶኛል እስኪል አይለቅም። ቀርፋፋና ግትር ነው። አደራ ግን አይበላም።"

"ማን አሸነፈ?"

"ድልድዩ። ኮሚቴው ወሰነ።"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አለች መርማሪዋ ለራሷ።

ልጅቷ ድምጿ ተሰበረ። "እትዬ፣ እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት። ታሰረች ሲሏት..."

"ማን ታሰረች አለ? ገና ምንም ሳይያዝ!"

ሳጅኑ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። የፖስተኛው ሻጭ በውድድሩ ሲሸነፍ "ታዩታላችሁ!" ብሎ በሩን በኃይል ዘግቶ ወጥቶ ነበር። ተጠርቶ ሲመጣ አንድ ጉንጩ አብጧል፤ አፉ ውስጥ ጥጥ አለ።

"'ታዩታላችሁ' ያልከው ምኑን ነው?"

"መቆጨታቸውን ነዋ! ታዲያ ተሸንፌ 'ተባረኩ' ብዬ ልውጣ?"

"ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?"

"ጥርሴን እያስነቀልኩ። ሐኪሙን ይጠይቁት፤ ጩኸቴን አይረሳውም።"

ሐኪሙም አልረሳውም። ሻጩ ተለቀቀ። መርማሪዋ ትኩስ ነገር እንዳይጠጣ መክራ ሸኘችው።

ሰዓቱ እየሄደ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስለ ልጆቹ እያሰበች ሳለ አዲሱ ስልኳ ጮኸ። ወዲያው አሮጌውም ጮኸ። ልጇ ናት። እናቷ የትኛውን እንደምታነሳ ስለማታውቅ ሁልጊዜ በራሷና በባሏ ስልክ ለሁለቱም ትደውላለች።

መርማሪዋ ሁለቱን በሁለት እጇ ይዛ አየቻቸው። ሁለቱንም ሳታነሳ ወደ ልጅቷ ተመለሰች።

"ስታወዳድሩ መልእክቱን ለአንዱ ነበር የምትልኩት?"

"ለሁለቱም። ካልሆነ እንዴት እናወዳድራለን?"

"ያን የተሸነፈውን የት ጣልሽው?"

ልጅቷ ቀላች። በሩን አየች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"አልጣልኩትም። አጥፊው ተብዬ ነበር። ድልድዩ አንድ ቀን ቢወድቅስ ብዬ ፈራሁ። መጋዘኑ ጥግ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተውኩት። ትእዛዝ መጣሴ ሌላ ክስ ይሆንብኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

"እስካሁን መልእክት ይደርሰዋል?"

"ከሁሉም ሲስተም። ተቀባይ ስለሌለው ደግሞ..." ልጅቷ ብድግ አለች። "እትዬ! ምንም አይለቅም!"

ኮምፒውተሩ ከባዶ ካርቶኖች ኋላ አቧራ ለብሶ ያጓራል። ሳጥኑ ውስጥ ከተጠራቀመው መሃል ስለዚያ መኪና ሁለት መልእክቶች ተገኙ። የመጀመሪያው መኪናው ግራጫው በር ጋ እንዲያወርድ ያዛል። ሁለተኛው ያንኑ ትእዛዝ ከሹፌሩ ታብሌት ላይ ይሰርዛል። ሁለቱም የወጡት ከስርጭት ኃላፊው ኮምፒውተር ነው።

"ያዝነው!" አለ ሳጅኑ።

"በእኔ ኮምፒውተር ገብታ የላከችው እሷ ናት ቢልስ? ልጅቷን መልሶ ገደል ሊከትብኝ? ቆይ። አንተ የዚያን ግራጫ በር ተከራይ አጣራልኝ።"

ሳጅኑ አጣርቶ ሲመለስ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገቡ።

"ትእዛዙን ማን እንደላከ ደረስንበት" አለች መርማሪዋ።

ኃላፊው ሳቀ። "እንዴት ተብሎ? ድልድዩ ማስታወሻ አይዝም።"

"ድልድዩ አይደለም የነገረን። ፖስተኛው ነው።"

"ፖስተኛው? እሱንማ አስጠፍቼዋለሁ!"

"ኮሚቴው መስሎኝ። እርስዎ ነዎት ለካ።"

ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ጀመረ።

"ድልድዩ ይመረጥ ብለው የተከራከሩትም፣ ማስታወሻ አይያዝ ያሉትም እርስዎ ነዎት?"

ዝም።

"ያ ግራጫ በር የተከራየው በሚስትዎ ወንድም ስም ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ሊከፍተው ወዳለው ፋርማሲ መደርደሪያ ሲያስገባ ታይቷል።"

ኃላፊው ወንበሩ ላይ ሟሸሸ። ከሚስቱ ወንድም ጋር የሚከፍቱት ፋርማሲ በኢንሱሊን እጥረቱ ሰበብ ስም ሊያወጣ ነበር። ሌላው ያጣውን እሱ ብቻ ይዞ በር ሊከፍት።

"ሆስፒታሉ ከሌላ ያገኛል ብዬ ነው" አለ።

"ልጆቹ ሌላ ነገ አልነበራቸውም። መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ቦታ ነው ያለው?"

"ፋርማሲው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። አልተበላሸም።"

"ተመስገን" አለች። በዚያ ቀን ስለ እሱ ያመሰገነችው በዚህ ብቻ ነው።

ካርቶኖቹን ሹፌሩ ረጋ በል ራሱ ጫናቸው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮለ፤ ሳጅኑ ከኋላው እየተከተለ "ኧረ ቀስ!" እስኪለው።

መርማሪዋና ልጅቷ የድርጅቱ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ወሬውን ጠበቁ። ልጅቷ ለእናቷ ደውላ "ትንሽ አመሻለሁ፣ ደህና ነኝ" ብቻ አለች።

"እትዬ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎ?"

"እኔ ነኝ የማመሰግንሽ። ያንን ፍርሃትሽን እግዜር ይባርከው።"

"አሁንስ ፖስተኛውን ላጥፋው?"

"እስኪ ሞክሪና እዪኝ!"

ሳጅኑ ተመልሶ ሲመጣ አዲሱ ስልክ ባትሪው አልቆ ጠፍቶ ነበር። አሮጌው ጮኸ። ሲስተር ናት።

"እትዬ፣ በአንዱ ብደውል ብደውል እምቢ አለኝ። ደረሰን። ሁሉም ተወጉ። ትንሿ እንኳ ዛሬ አላለቀሰችም።"

መርማሪዋ መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተች፣ እንባዋ ቀደማት። ሳጅኑ ከመኪናው ቻርጀሩን አምጥቶ፣ አዲሱን አልፎ፣ ያቺን የተሰነጣጠቀች አሮጌ ስልክ ሰካት።