የባለጓንቱ ቀኝ እጅ

«ቆይ፣ ቆይ! ጓንቱን ያደረገው በየትኛው እጁ ነው አልክ?»

እድላዊት ይህን የጠየቀችው ካሱ የባለጓንቱን ፊልም ክፍል አምስት ሲተርክ ድልድዩ ጋ ደርሶ፣ ድልድዩ ሊፈነዳ አንድ ሰከንድ ሲቀረው ነበር። ከማንጎው ዛፍ ሥር የተኮለኮሉት የስምንተኛ «ቢ» ተማሪዎች በቁጣ ዞረው አዩዋት። ካሱ ሲተርክ አይቋረጥም።

«በቀኙ» አለ ካሱ፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ሆኖ።

«በቀኙ?»

«በቀኙ አልኩሽ እኮ!»

«ባለጓንቱ የተቃጠለው ግራ እጁ ነው። ክፍል ሁለት ላይ፣ ልጅቷን ከሚነደው ማደያ ሲያወጣ። ክፍል ሦስት ላይም ጓንቱ በግራው ነው። አራት ላይም በግራው ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«አንተ!»

ሳቁ ከዛፉ ላይ ወፎቹን አስነሳቸው።

እውነቷን ነበር። እድላዊት በሕይወቷ አንድም ፊልም በዓይኗ አይታ አታውቅም። ከክፍሉ ልጆች ብዙዎቹም እንደዚያው ነበሩ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ያለው የጋሽ ሽበሺ ቪዲዮ ቤት የሚገባው ካሱ ነው፣ ሌላው የሚያየው ከካሱ አፍ ነው። በየሦስት ሳምንቱ ከአዲስ አበባ በሚመጣው አውቶቡስ አዲስ ካሴት ይላካል፣ ካሱ ቅዳሜ ይገባል፣ ሰኞ በእረፍት ሰዓት ይተርካል። ክፍል አንድ ላይ ባለጓንቱ ሦስት ጥይት ብቻ ነበረው። ያኔ ካሱ ሦስት ጣቱን ዘርግቶ አንዷ በተተኮሰች ቁጥር አንዱን ያጥፍ ነበር። የመጨረሻዋ ጣት ስትቀር አርባ ልጅ ትንፋሹን ይዞ እሷን ያይ ነበር።

ዛሬ ግን የሚያጥፈው ጣት አልነበረም። ክፍል አምስት ላይ ጥይት አያልቅም አላቸው። ሄሊኮፕተሩ ሦስት ነው። ዋናው ወንበዴ የክፍል አንዱ ወንበዴ ወንድም ነው። የሚፈነዳው ድልድይ ክፍል ሁለት ላይ የፈነዳውን ይመስላል። ይባስ ብሎ ባለጓንቱ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል።

«ባለጓንቱ አለከለከ?» አለ ሚካኤል፣ ከኋላ ተነስቶ። በክፍሉ ውስጥ እንደ እሱ በሰው የሚያላግጥ የለም። «ቀደዳ ነው! ይሄ ልጅ አልገባም። የድሮዎቹን ቀላቅሎ ነው የሚያወራን።»

«ገብቻለሁ! ፊልሙ ራሱ ነው እንዲህ የሆነው። እኔ ምን ላድርግ?»

«ቅዳሜ ኩልፎ ወንዝ ዳር ነበርክ» አለች እድላዊት። «ከአባትህ ጋር ጋሪ ላይ ሙዝ ስትጭን ወንድሜ አይቶሃል።»

«ጠዋት ነዋ! ከሰዓት ገባሁ።»

«እንግዲያ ጓንቱስ?»

ካሱ ዞር ዞር ብሎ አያቸው። ከዚያ ከድንጋዩ ወርዶ ወደ ክፍል ሄደ። ድልድዩ ሳይፈነዳ ቀረ።

እድላዊት የሆነ ነገር አሸንፋ እንደወጣች ደረቷን ነፋች። መጠርጠርን የተማረችው ከእናቷ ነው። እናቷ ወይዘሮ ሙሉዬ ገበያ ላይ ማንጎ ሲደረደር ከላይ ያለውን አታይም፣ ከሥር ያለውን ነው የምታወጣው። ሙዝም ስትገዛ ዘለላውን ገልብጣ የተቆረጠበትን ታሸታለች። ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩዋት ያጉረመርማሉ። ግን አንድም ቀን የበሰበሰ ይዛ ቤት ገብታ አታውቅም።

ረቡዕ ካሱ ሳይጠራ መጥቶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«ሰኞ ስቀልድ ነበር» አለ። «እውነተኛው እንዲህ ነው።»

እንዲያ ያለ ፊልም ተሰምቶ አይታወቅም። ባለጓንቱ አንዲት ጥይት ብቻ ነበረችው። ሐይቅ አቋረጠ፣ አዞ ታገለ፣ የድሮ ጓደኛው ከዳው፣ እሱ ግን ጥይቷን ሳይተኩስበት ቀረ። ካሱ አንድ ጣቱን እስከ መጨረሻው ሳያጥፍ ይዟት ቆየ። ሲጨርስ ልጆቹ አጨበጨቡ።

«ይሄ ነው ባለጓንቱ!» አለ ሚካኤል። «አርብ ፈተናው ያልቃል አይደል? የዛሬ አስር ቀን፣ ቅዳሜ፣ ክፍሉ በሙሉ ቪዲዮ ቤት! አዞውን በዓይኔ ሳላይማ አልሞትም።»

ያላጨበጨበችው እድላዊት ብቻ ነበረች። ካሱ ያየውን ፊልም ሲተርክ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ውስጥ ገብቶ እንደሚመለከተው ሁሉ። ዛሬ ግን አንዴም አልጨፈነም። የልጆቹን ፊት ነበር የሚያየው፣ የሳቁበትን ያስረዝማል፣ ዝም ያሉበትን ይዘላል። ሰኞስ? ሰኞ ጨፍኖ ነበር ወይስ አልጨፈነም? ማስታወስ አቃታት። ሰኞ እሷም የምትጠብቀው ስህተት እንጂ ዓይን አልነበረም።

ካሱ በአጠገቧ ሲያልፍ ቆመ።

«ጓንቱ በግራው ነው» አላት። «ደስ አለሽ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገራትም።

አርብ ፈተናው አለቀ። እሁድ ከሰዓት እድላዊት እናቷ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ከጌታነህ ጋር ቪዲዮ ቤት ልሂድ።»

«ቪዲዮ ቤት? በሩ ስንት ነው?»

«አንድ ይመስለኛል።»

«አንድ! እሳት ቢነሳስ? አጠገብሽ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? ደግሞ ያ ሽበሺ ጣሪያውን በምን እንደደገፈው ማን አይቶለታል?»

«ጌታነህ ይጠብቀኛል።»

«ጌታነህንስ ማን ይጠብቀዋል?»

ትልቅ ወንድሟ ጌታነህ በር ላይ ቆሞ ሳቀ።

«ፊልሙን ለማየት ብዬ አይደለም» አለች እድላዊት። «አንድ ልጅ ዋሽቶ እንደሆነ ለማጣራት ነው።»

የእናቷ ጣቶች ምስሩ ላይ ቆሙ። ይሄ የሚገባት ምክንያት ነበር።

«በሩ ጋ ተቀመጡ» አለች በመጨረሻ።

የጋሽ ሽበሺ ቤት ቆርቆሮው በፀሐይ ግሎ እንደ ምድጃ ይፋጃል። አግዳሚዎቹ ላይ ሰው ተጣቧል። ከፊት ለፊት፣ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጠበቀችው ያነሰ ቴሌቪዥን አለ። ካሱ ሲተርክ የነበረው ዓለም እዚያ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ገረማት።

ባለጓንቱ ሲወጣ ሰዉ ፎከረ። እድላዊት ግን ሰውየው እንደደከመው ወዲያው አየች። አንድ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ሦስተኛውም መጣ። ጥይቱ ይተኮሳል፣ ይተኮሳል፣ አያልቅም። ለመቁጠር ሞክራ ተወችው። ባለጓንቱ ከፊት ሲታይ አንድ ሰው ነው፣ ከኋላ ሲዘል ግን ጆሮው የሌላ ሰው ነበር። ወንበዴው «ወንድሜን ገድለህብኛል» እንደሚል፣ እንግሊዝኛውን ባትሰማም፣ ከሚያሳየው ፎቶ ገባት። ፊልሙ ውስጥ ሐይቅም፣ አዞም፣ የከዳ ጓደኛም አልነበረም።

«ይሄን ሰውዬ ጡረታ አያወጡትም እንዴ?» አለ ጌታነህ እያዛጋ።

ከዚያ ደረጃው መጣ። ባለጓንቱ ሦስት ፎቅ ወጣና ግድግዳውን ተደግፎ አለከለከ። ካሜራው ወደ እጁ ተጠጋ። ጓንቱ ጥቁር ነው፣ አውራ ጣቱ ጋ የተተለተለ።

በቀኙ ነበር።

እድላዊት የራሷን ሁለት እጆች አንስታ አየቻቸው፣ እንደገና ቴሌቪዥኑን አየች። በቀኙ ነው። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ተሳስተዋል። ባለጓንቱ በየትኛው እጁ እንደተቃጠለ እነሱ ረስተውታል፣ ያልረሳው አርባ ምንጭ ያለ አንድ ልጅ ነው። እሱም ያየውን እንዳየው ተናገረ።

ሲወጡ ጋሽ ሽበሺ በሩ ላይ ነበር።

«ጋሽ ሽበሺ፣ ጓንቱ እኮ...»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! ያ የኩልፎው ልጅ፣ ካሱ፣ ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ሲወጣ 'ጋሼ፣ እጁን አሳስተውታል' ብሎኛል። ስንቴ አጫውቼው እኔ አላየሁትም! ዓይን አለው ያ ልጅ።»

ቤት ሲደርሱ እናቷ ገና ሳትቀመጥ ጠየቀቻት። «እህ? ዋሽቷል አይደል?»

«አልዋሸም።»

«ደህና አድርገሽ አየሽው?»

«አየሁት። ረቡዕ የተናገረው ነው ውሸቱ። እሱንም እኔ ነኝ ያስዋሸሁት።»

ወይዘሮ ሙሉዬ ነገሩን ገልብጣ ከሥሩ ልታየው የፈለገች ይመስል ልጇን አተኩራ አየቻት። ከዚያ ውሃ ቀዳችላት።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ድንጋዩ ባዶ ነበር። ካሱ ከአጥሩ ሥር ብቻውን ተቀምጦ በእንጨት መሬቱን ይጭራል። አዲስ ካሴት ስላልመጣ የሚተርከው የለም፣ ሌሎቹ ግን የሚያወሩት ስለ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ቅዳሜ አርባው ልጅ ገብቶ አዞ ይፈልጋል። አዞ የለም። ከዚያ በኋላ ካሱ ከቤቱ በር ላይ ቆሞ ፀሐይ ወጣች ቢል የሚያምነው አይኖርም።

«እድላዊት ትናንት ገብታለች!» ብሎ ጮኸ ሚካኤል። «ከወንድሟ ጋር አይቻታለሁ። በይ ንገሪን፣ ካሱ እንዳለው ነው?»

ሁሉም ዞሩ። ካሱም ቀና አለ። ፊቱ የሚመጣበትን የሚያውቅ ሰው ፊት ነበር፤ ለመሸሽ እንኳ አልሞከረም።

«እንዳለው ነው» ብትል እስከ ቅዳሜ ይተርፋል። «አይደለም» ብትል አሁኑኑ ያልቅለታል። ደግሞ ሁለቱም አባባል ውስጥ የእሷ ጥፋት የለም።

አምና ሚካኤል ከጎረቤት ክፍል ልጅ ጋር በድንጋይ ሲፈነካከት፣ ካሱ እርጥብ ሳር ነጭቶ መሃላቸው ገብቶ ነበር፣ የጋሞ ሽማግሌዎች፣ አያቱም ጭምር፣ ጠብ ሲያበርዱ እንደሚያደርጉት። መምህሩ «አንተ ደግሞ ሽማግሌ ሆንክ?» ብለው ሳቁበት። ግን ሳር የተያዘበት ሰው እምቢ አይልም፣ ሁለቱም ድንጋዩን ጣሉ።

እድላዊት ወደ ውሃ ቧንቧው ሄደች። እዚያ በበጋም ሳሩ አይደርቅም። ጎንበስ ብላ አንድ ጭብጥ ነጨች። ሥሩ ጭቃ ይዞ ወጣ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ሚካኤል። «ፊልሙን ንገሪን እንጂ!»

«እነግራችኋለሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ነው የምነግራችሁ፣ ባለፈው ሰኞ ካሱን ካቋረጥኩበት ጀምሮ። መጀመሪያ ግን የምለምነው ሰው አለ።»

ሳሩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አጥሩ መራመድ ጀመረች።