በደምሴ መደብ ላይ የወረደው ጠብታ

ከሁሉ አስቀድሜ እንድታውቁልኝ የምፈልገው፣ እኔ ጋኔን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚሉ ሰዎች ወሬ ሲጀምሩ ነጠላዬን አንስቼ የምወጣ ሴት መሆኔን ነው፣ ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ያላረጋገጥኩትን ነገር መቀበል አይሆንልኝም፣ ገብስ እንኳ ስሰፍር ሁለቴ ነው። ደግሞ ጨለማና የጅብ ጩኸት የምትጠብቁ ከሆነ አትድከሙ፣ ይኼ ነገር የደረሰብኝ በጥር ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በበሩ ገብታ የቤታችንን ምሰሶ ባበራችበት ሰዓት ነው።

የምኖረው መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለው የአክስቴ ቤት ነበር፣ ቀን ቀን የገበሬ ማኅበሩን ንባብ ቤት እጠብቃለሁ። እትዬ አስካለ የእናቴ ታላቅ ናቸው፣ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው፣ የወለዱት አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ ደምሴ፣ እሱም ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ከግንባር የሚልካቸውን ደብዳቤዎች የማነብላቸው እኔ ነበርኩ፣ እሳቸው "እስቲ ድገሚልኝ፣ ደግሞ ቶሎ ቶሎ አትበይ፣ እሱ እንደዚያ አይደለም የሚናገረው" እያሉ ሦስት አራት ጊዜ ያስደግሙኛል፣ ከዚያ ወረቀቱን ይስሙና ከትራሳቸው ሥር ይከቱታል።

ኅዳር ላይ ግን መሐል ሜዳ ገበያ ውስጥ ቀየት ከሚባለው አገር የመጣ አንድ ክራንች የያዘ ልጅ አስቆመኝ፣ ከደምሴ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ እንደነበረ ነገረኝ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ "ሲሞት ያየሁት እኔ ነኝ እህቴ" አለኝ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ገብታ የምትጥለው ነገር አይደለም፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ የንስሐ አባት ይመጣሉ፣ ጎህ ሲቀድ ይነገራል። እትዬ ደግሞ ያን ሰሞን ደረታቸውን ታመው ተኝተው ነበር፣ ይዳኑ አልኩ፣ ከዚያ የገና ጾም ነው አልኩ፣ ከዚያ ጥምቀት ይለፍ አልኩ፣ ለማንም ሳልተነፍስ ቆየሁ። በዚህ መሐል "ከደምሴ ወረቀት አልመጣም?" ሲሉኝ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "መጥቷል" አልኩ፣ ከደብተሬ ገንጥዬ ጻፍኩት፣ አዲስ ብርድ ልብስ እንደተሰጠው፣ ምግቡ እንደተስማማው፣ ለፋሲካ ፈቃድ ያገኝ ይሆናል መባሉን። አንዱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ሦስት። ሳነብላቸው ፊታቸው ይፈካል፣ ሳሉም ተሻላቸው፣ እኔ ግን አንድ ቀን ከሌላ ሰው አፍ ሰምተው ያነበብኩላቸውን ሁሉ መለስ ብለው ሲያስቡት ምን ይሆናሉ የሚለው ሐሳብ እህል ከለከለኝ።

ጠብታው የጀመረው ከጥምቀት በኋላ በመጣው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ደምሴ ይተኛበት በነበረው መደብ ላይ፣ በራስጌው በኩል፣ ጠብ አለ። ቆየና ደግሞ ጠብ። የተነጠፈው አጎዛ ረጥቧል፣ በጥር፣ ዝናብ ካየን ወራት አልፎን! እትዬ ከአልጋቸው ቀና ብለው "በይ ወንድይራድን ጥሪው፣ ዛሬውኑ" አሉኝ፣ ችኮላቸው ገረመኝ።

ጋሼ ወንድይራድ ቤታችንን በጓሳ ሳር የከደኑት ሰው ናቸው፣ ሥራቸውን የሚነቅፍ ሰው አይወዱም። በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ መሰላላቸውን ተሸክመው መጡ።

"ያፈሳል? የእኔ ክዳን?" አሉ ገና ከበር።

"ይኸው ይስሙት ጋሼ።"

"ስሚ፣ ይኼ የጓሳ ሳር ነው፣ እኔ ከተቀበርኩ በኋላም አያፈስም። አንቺ ደግሞ ከተማርሽ ወዲህ የማታገኚው እንከን የለም።"

ጣራው ላይ ወጡ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሳሩ ውስጥ ከተቱ፣ አቧራ ለብሰው ወረዱ። ቤት ውስጥ ጠብ አለ። ወደ ጣራው ቀና አሉና፣ "ውርጭ ነው፣ ሲያድርበት ያድርና ፀሐይ ሲነካው ይቀልጣል" አሉ።

"ሊመሽ ነው እኮ ጋሼ፣ ውርጩን እስካሁን ምን አቆየው?"

"እንግዲህ ጠላውን የጠጣሁት እኔ፣ የሰከረው ቤታችሁ!" ብለው ሳቁ። እትዬ አልሳቁም።

"አንተ ወንድይራድ፣ ቀልዱን ተወውና ድፈንልኝ፣ የልጄ መኝታ ላይ ነው የሚንጠባጠበው።"

"የቱን ልድፈን እትዬ አስካለ? ቀዳዳውን ያሳዩኝና ልድፈን!"

ተናደው ነው መሰለኝ መሰላላቸውን እንኳ ሳይወስዱ ሄዱ።

እኔ ደግሞ የጀመርኩትን ሳልጨርስ አይሆንልኝም። ውኃው ከመሬት የሚመጣ እንደሆነ ብዬ መደቡ ዙሪያ አመድ ነሰነስኩ፣ አመዱ ደርቆ አደረ። ግድግዳውን ድንጋይ በድንጋይ ዳሰስኩ፣ ደረቅ። ጠብታው በሚያርፍበት ላይ ጣሳ አስቀምጬ ሰዓቱን በደብተሬ መዘገብኩ፣ አንድ ቀን በአምስት ሰዓት፣ አንድ ቀን በስምንት፣ ሌላ ቀን ሲነጋጋ፣ ምንም ሥርዓት አጣሁበት።

በሳምንቱ ረቡዕ እትዬ ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደግፈው ጎረቤት ሄዱ፣ እኔም በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ መሰላሉን መደቡ ላይ አቆምኩ፣ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ከሳሩ ጋር ፊት ለፊት ሆንኩ፣ ጥላሸት የጠጣ ደረቅ ሳር፣ ማገሩም ደረቅ፣ የሸረሪት ድሩ እንኳ ከነአቧራው። እዚያው ጠበቅሁ። ከዚያ አየሁት። እመኑኝ፣ ባትሪውን ሁለቴ አጥፍቼ አበራሁት፣ ጠብታው ከሳሩ አልነበረም የሚወጣው፣ ከሳሩ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ምንም በሌለበት፣ አየሩ ላይ እንደ ላብ ብቅ አለ፣ ወፈረ፣ ክብ ሆነ፣ ወደቀ፣ ከታች ጣሳው ውስጥ ጠብ ሲል ሰማሁት። እጄን በሳሩና እሱ በሚፈጠርበት ቦታ መሐል አስገባሁ፣ የእጄ ጀርባ ደረቅ፣ መዳፌም ደረቅ፣ እሱ ግን ከመዳፌ ሥር እንደገና ወፈረ። በጣቴ ያዝኩት። የመንዝ ጥር እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ታውቃላችሁ፣ ውኃው ለብ ያለ ነበር፣ ከሰው ገላ እንደወረደ።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፣ በዚህ ቤት ውስጥ የተደበቀ ነገር ቢኖር የእኔ ውሸት ብቻ ነው አልኩ። ዕለቱኑ የእትዬ ንስሐ አባት ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩ።

"መርዶውን እኛ እንነግራቸዋለን፣" አሉኝ አባ፣ "የደብዳቤዎቹን ነገር ግን አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ። ዳግመኛም አትዋሺያቸው።"

ቃል ገባሁ። ዓርብ ጎህ ሲቀድ አባ ዘመድ ጎረቤት ይዘው መጡ፣ ለቅሶውን አልተርክላችሁም። ሰው በሞላበት በዚያ ሁሉ ቀን አንድም ጠብታ አልወረደም፣ ሰዎች ያው መደብ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔም በልቤ አበቃ ብዬ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሰው ሲቀንስ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

"እትዬ፣ የበደልኩዎት ነገር አለ። ከኅዳር ወዲህ ያነበብኩልዎት ደብዳቤዎች የእኔ ናቸው፣ እሱ አልጻፋቸውም።"

"ብርድ ልብሱም?" አሉ በሰለለ ድምፅ።

"እሱም።"

"የፋሲካው ፈቃድ?"

"እሱም እኔ ነኝ።"

እጃቸውን ሲያነሱ ሊመቱኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ራሴ ላይ አሳረፉት።

"አራቱም?"

"ሦስት ናቸው እትዬ።"

"አራት ናቸው። ያን ሐሙስ ያነበብሽልኝስ? ወንድይራድን ከማስጠራቴ በፊት፣ እዚህ በሩ ላይ ቆመሽ።"

ያን ሐሙስ እስከ ሰባት ሰዓት ንባብ ቤት ነበርኩ፣ ስገባም ምሳቸውን አቀረብኩ እንጂ ምንም አላነበብኩም። እንዲያውም ያን ሳምንት ወረቀት በእጄ አልያዝኩም። ግን ጠየቅኋቸው፣ ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

"ምን ይላል?"

እትዬ ዳዊት እንደሚደግም ሰው አንዲት ቃል ሳይስቱ አወረዱት። "'እማዬ፣ ከላይ ውኃ ግንባሬ ላይ ይንጠባጠባል፣ እጄን አንስቼ ልጥረገው ብል እንቢ አለኝ፣ ከእኔ ጋር የነበሩት ሁሉ ሄደዋል፣ ሰው ላኪልኝ' ይላል። ታዲያ ወንድይራድን ለምን ያስጠራሁት መሰለሽ? እዚህ ቢደፈን እዚያ ይደርቅለት እንደሆን ብዬ ነው።"

ትራሳቸውን አንስቼ ወረቀቶቹን ዘረጋሁ፣ የደምሴን ለየሁ፣ የእኔን ቆጠርኩ፣ ሦስት። ደግሜ ቆጠርኩ። ሦስት።

"ሰው ላክሽለት?" አሉኝ።

ለአባ ቃል ከገባሁ ሳምንት እንኳ አልሞላኝም።

"ልኬያለሁ፣" አልኩ።

እትዬ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ፣ ጠብታውም ተመልሶ አልመጣም፣ እሳቸው ግን በየሳምንቱ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ "የላክሽው ሰው ደረሰ?" ይሉኛል፣ "መንገድ ላይ ነው" እላቸዋለሁ፣ "አገሩ ሩቅ ነው እኮ" ብለው ይተዉኛል። አሁን እሳቸው የሉም፣ የሚጠይቀኝም የለም፣ እኔ ግን ክረምት በገባ ቁጥር ያ ያልላክሁት ሰው የት እንደደረሰ አስባለሁ።