ሳላስተላልፈው የቀረሁት ቅሬታ

ጥፋቴን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። ሰውዬውን ያወቅኩት ኢንተርኔቱ ስለተበላሸ ነው፤ ኢንተርኔቱ ሳይጠገን የቆየው ደግሞ እኔ ስለወደድኩት ነው።

የምሠራው በአንድ የኢንተርኔት ድርጅት የቅሬታ መቀበያ ክፍል ውስጥ ነው። ማዳመጫ ጆሯችን ላይ ደፍተን ቀኑን ሙሉ «ይቅርታ እንጠይቃለን» ስንል እንውላለን። እሱ መጀመሪያ የደወለ ዕለት ድምፁ ውስጥ ንዴትም ሳቅም ነበረበት።

«እህቴ፣ ዛሬ ብቻ ሦስት ሎተሪ ደርሶኛል። አንዲት የማላውቃት ባለጸጋም ሀብቷን አውርሳኛለች። ኢሜይሌ በዚህ ቆሻሻ ተጥለቅልቋል፤ ላጠፋው ስል ደግሞ መስመሩ ድርግም ይላል!»

«እንኳን ደስ አለዎት» አልኩት፣ ከአፌ አምልጦኝ።

እሱም ከልቡ ሳቀ፤ እኔም ማዳመጫውን በእጄ ከልዬ ሳቅኩ።

ሰዓት ጠጋኝ ነው። ከእናቱ ጋር ይኖራል። እናቱ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው የቀዶ ጥገና ተራ ይጠብቃሉ፤ ሆስፒታሉም ተራቸውን የሚያሳውቀው በኢሜይል ነው። ይህን ሁሉ ነግሮኛል። አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም።

በእኛ ክፍል አሠራር፣ አንድ ቅሬታ ለቴክኒሻኖች እስኪተላለፍ ድረስ የደንበኛው ጥሪ የሚደርሰው ቅሬታውን ለተቀበለችው ሴት ነው። ካስተላለፈችው ግን ከእጇ ወጣ። እኔም የእሱን ሳላስተላልፍ አደርኩ። አንድ ቀን ምን ያመጣል አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ሦስት ሳምንት ሞላኝ፤ እሱም በየቀኑ ደወለ።

አንድ ማለዳ ሳቅ የሌለው ድምፅ መጣ።

«የእናቴ ተራ አለፈ።»

«እንዴት?»

«ጥሪው ከመጣ ዘጠኝ ቀኑ። መስመሩ ብልጭ ሲል ከዚያ ሁሉ ሎተሪ ስር አገኘሁት። ከእንግዲህ ስድስት ወር ጠብቁ አሉን።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሌላ ቦታ ሄጄ ኢሜይሌን ማየት ነበረብኝ» አለ።

ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ!

ቅሬታውን ያኔውኑ አስተላለፍኩ፤ በማግስቱም ከቴክኒሻኑ ጋር አብሬ ሄድኩ። ሰዓት የሚጠግንበት ሱቅ ጠባብ ነው። እናቱ በሩ አጠገብ ተቀምጠው የሰው ኮቴ ያዳምጣሉ። እሱ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንደሰካ ቀና አለ። ሰላም ስለው ድምፄን ለይቶ ፊቱ በራ፤ ያ ይበልጥ ጎዳኝ።

«ቅሬታህን ይዤ ያቆየሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «መስመሩ ከተሠራ አትደውልልኝም ብዬ ነው።»

መነጽሩን ቀስ ብሎ አወለቀ። እናቱን አየ፤ መልሶ እኔን አየ።

«ደውልልኝ ብትዪኝ እኮ» አለ፣ «ያለ ምንም ብልሽት እደውልልሽ ነበር።»

መነጽሩን መልሶ ሰካና ሥራው ላይ አጎነበሰ።

ለአለቃዬም ተናገርኩ፤ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። እሱስ ቀላል ነበር። መስመሩ ተሠራ፤ እሱም መደወል ተወ። እኔ ግን ስልኩ በጮኸ ቁጥር እሱ ነው ብዬ አነሳ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ እናቱ የማያዩትን ሁሉ እኔ እያየሁ፣ እየተሳቀቅኩ ከረምኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፦

«ቅሬታ አለኝ።»

ድምፁን ወዲያው አወቅኩት። «ምን... ምን ልታዘዝ?»

«መስመሩ ደህና ነው። ትናንት የእናቴ የዓይን ፋሻ ተፈታ። አየችኝና ‹ሸብተሃል› አለችኝ። አሁን ደግሞ ያቺን ልጅ ካላሳየኸኝ ብላ አስቸግራኛለች።»

«ተቆጥተዋል?»

«እኔ ምን አውቄ። መጥተሽ ጠይቂያት።»

ይህን ቅሬታ ለማንም አላስተላለፍኩም። በመንገዴ ሁሉ የይቅርታ ንግግር ስሸመድድ ሄጄ፣ ሱቁ በር ላይ ስደርስ አንዱም ቃል ጠፋኝ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብቻ አልኩ።

አገጬን ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩኝ።

«ስድስት ወር ጨለማ ያስቀመጥሽኝ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

እንባዬ ሲወርድ አዩት። ልጃቸው ከጠረጴዛው ኋላ ቆሞ መነጽሩን ደጋግሞ ይወለውላል።

«በይ ተቀመጪ» አሉኝ። «ገና አይቼ አልጠገብኩም።»